መሣሪያው ምክንያቱን ያውቅ ነበር

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት መሐንዲስ የራሱ ዌብ ሰርቨር፣ ማለትም ገጾችን ለብራውዘር የሚልክ ፕሮግራም፣ ያለው መሣሪያ እየሠራ መሆኑን ነግሮኝ፣ መሣሪያውን ከሩቅ ዳግም ለማስነሣት በገጹ ላይ አንድ ሊንክ ማኖር ይበቃ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከብዙ ዓመታት በፊት የበደልሁትን አንድ የሥራ ባልደረባዬን ስላስታወሰኝ መልሱን ለሁላችሁም ልጽፈው ወደድሁ።

የዚያን ጊዜው መሣሪያችን 64 ኪሎባይት ራም ብቻ ነበረው። ዌብ ሰርቨሩን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ሙቀትና ቮልቴጅ የሚያሳየው ገጽ በየ30 ሰከንዱ ራሱን እንዲያድስ አድርጌ፣ ከግርጌው «ዳግም አስነሣ» የሚል ሊንክ አኖርሁ። ሊንኩ ሲነካ መሣሪያው ያንኑ ገጽ መልሶ ይልክና ይነሣል፤ ትእዛዙ ግን በብራውዘሩ የአድራሻ መስመር ላይ እንደተጻፈ ይቀራል። ሁለተኛ ገጽ ከመጻፍ ስለገላገለኝ በብልሃቴ ኮርቼ ነበር።

መሣሪያው ሩቅ ጣቢያ ላይ ከተተከለ በኋላ አንድ ቀን በየግማሽ ደቂቃው እየጠፋ መነሣት ጀመረ። የክንውን መዝገቡን ራም ላይ ስላስቀመጥሁት በተነሣ ቁጥር ይጠፋል፤ ስለዚህ ምንም ማስረጃ አልነበረንም። እኔም ጥፋቱ ለመሣሪያው ኃይል የሚሰጠው ክፍል፣ የፓወር ሰፕላዩ፣ ነው ብዬ ሪፖርት ጻፍሁ። ፓወር ሰፕላዩን የነደፈው ልጅ ዝምተኛ ነበር። ካፓሲተሮቹን ቀየረ፣ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ሁለት ቀን የቮልቴጅን መዋዠቅ በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ አፍጥጦ ዋለ፤ የቮልቴጁ መስመር ቀጥ ያለ ነበር። በስልክ ሲነግረኝ «መለኪያህን በትክክል አላሰርኸውም» አልሁት። ኃይል ሰዓት ጠብቆ በየ30 ሰከንዱ እንደማይቋረጥ ልብ ማለት ይገባኝ የነበርሁት እኔ ነበርሁ።

በሦስተኛው ቀን የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ተረኛ ላፕቶፑን ዘግቶ ምሳ ወጣ፤ መሣሪያው ጸና። ተመልሶ ሲከፍተው በሽታው አገረሸ። ጠዋት ሊንኩን የነካበት ገጽ እንደተከፈተ ነበርና፣ ገጹ ራሱን ባደሰ ቁጥር የማስነሣቱን ትእዛዝ ደግሞ ይልክ ነበር።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ሊንኩ አይደለም። አብዛኞቹ ማይክሮኮንትሮለሮች (የእንዲህ ያለ መሣሪያ አንጎል የሆኑት ቺፖች) የተነሡበትን ምክንያት፣ ኃይል ወርዶ ይሁን ፕሮግራሙ ሲቆም የሚያስነሣቸው ሰዓት ቆጣሪ (ዋችዶግ) አስነሥቷቸው ወይም ሶፍትዌሩ ራሱ አዝዞ፣ በአንድ ሬጅስተር፣ በውስጣቸው ባለ ትንሽ የማስታወሻ ቦታ፣ ይመዘግባሉ። መሣሪያው ሲነሣ ያንን ሬጅስተር አንብቦ ገጹ ላይ ማሳየት የጥቂት መስመር ኮድ ሥራ ነበር፤ አንብቤው ቢሆን ልጁ በመጀመሪያው ሰዓት ነጻ ይወጣ ነበር።

እንግዲህ ለጠየቀኝ ወጣት፦ ሊንክ ሲነካ ብራውዘሩ የሚልከው ጥያቄ፣ ጌት፣ ለማንበብ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የኤችቲቲፒ 1.0፣ ማለትም ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበት ደንብ፣ ሰነድ ይህን በግልጽ ጽፎታል። ማስነሣትን ለውጥ ለሚያዝዙ ጥያቄዎች በተመደበው በፖስት ተቀበል፤ ከዚያም በ303 ምላሽ ብራውዘሩን ወደ ሌላ ገጽ ምራው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሰርቨሮችን ከሩቅ ለማስተዳደር የሚያገለግለው ደንብ፣ ሬድፊሽም፣ ማስነሣትን የሚቀበለው በፖስት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጉግል ገጾችን ለማፋጠን ያወጣው ፕሮግራም «ሰርዝ» የሚሉ ሊንኮችን ሳይቀር ቀድሞ እየከፈተ የሰዎችን መረጃ አጥፍቷል፤ ሊንክን የሚከፍተው የሰው እጅ ብቻ አይደለም። የይለፍ ቃልን ነገር ታውቁታላችሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

የዛሬ ወጣቶች የተዘጋጀ ኮድ ገልብጣችሁ ስታበቁ ሰነዱን አትከፍቱም ብዬ ዘወትር እወቅሳችኋለሁ፤ እኔም በዚያን ጊዜ አልከፈትሁትም። ዌብ ሰርቨርም ራሳችሁ አትጻፉ፣ የተፈተነ ሞልቷል፤ እኔ ግን ያንን በመጻፌ ዛሬም ደስ ይለኛል።

ኮዱን በማግሥቱ አረምሁት። ሪፖርቱን ግን አላረምሁትም፤ ከሥሩ «ችግሩ ተፈትቷል» ብቻ ብዬ ፈረምሁ። ልጁ ከወራት በኋላ ሥራውን ለቀቀ፤ በሰነዱ ላይ ጥፋተኛው አሁንም ፓወር ሰፕላዩ ነው።