እርሳስ ያለውን ሶልደር ከሌለው ጋር ብቀላቅል ችግር አለው?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች እንዴት ናችሁ? ቲቪ፣ ዲኮደር፣ አንዳንዴም ሞባይል እጠግናለሁ። የምሰራው በተለመደው 60/40 ሶልደር (60 ፐርሰንት ቲን ማለትም ቆርቆሮ፣ 40 ፐርሰንት እርሳስ) ነው፣ አሁን የሚገቡት ቦርዶች ግን ሊድ ፍሪ (እርሳስ የሌለባቸው) ናቸው፣ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ብየዳው ይሰነጠቃል ብሎ አንድ ጓደኛዬ አስፈራራኝ። እውነቱን ነው? 138 የሚሉትን ፔስት (በ138 ዲግሪ የሚቀልጥ፣ እንደ ቅባት የሚቀባ ሶልደር) ደግሞ ከየትኛው ጋር ልጠቀም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ አልዋሸህም ግን የሚያስፈራውን ቦታ ስቶታል። ካፓሲተር፣ ኮኔክተር፣ ትራንዚስተር በእጅ የምትቀይር ከሆነ በ60/40 ስራህን ቀጥል፣ ምንም አትሆንም። ያንተ ሶልደር 183 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፣ ፋብሪካው በብዛት የሚጠቀምበት ሳክ 305 ደግሞ (96.5 ፐርሰንት ቲን፣ 3 ፐርሰንት ብር (ሲልቨር)፣ 0.5 ፐርሰንት መዳብ ነው) 217 ካልደረሰ አይነቃነቅም፣ መበየጃህ 350 ላይ ስለሆነ ሁለቱንም አንድ ላይ ያቀልጣቸዋል፣ ዋናው ነገር አሮጌው ሙሉ በሙሉ ፈሶ ከአዲሱ ጋር መዋሃዱ ነው። ከተቻለ አሮጌውን መጥጠህ አንሳው፣ ካልተቻለም ፍላክስ (ሶልደሩ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳውን ማጽጃ) ጨምረህ በደንብ አሙቀው። እንዲያውም አልነቀል ያለ የሊድ ፍሪ እግር ላይ 60/40 ጨምረህ ስታሞቀው ቶሎ ይለቃል፣ ይሄን ሁሉም ቴክኒሻን ያውቀዋል።

ጣጣው የሚመጣው ከስሩ ትንንሽ የሶልደር ኳስ ያላቸው ቺፖች ላይ ነው፣ ቢጂኤ የሚባሉት። ኳሱ ሳክ ሆኖ አንተ በ183 የሚቀልጥ እርሳስ ያለው ፔስት ቀብተህ ሙቀቱን 200 ላይ ካቆምክ ፔስቱ ይቀልጣል ኳሱ ግን እንዳለ ይቀመጣል፣ መልቲሜትር ተገናኝቷል ብሎ ይጮህልሃል ደንበኛውም ይዞት ይሄዳል፣ ከዛ ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቅና ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ወይ ከ217 በላይ አሳልፈው፣ ወይ ኳሱን ሁሉ አንስተህ ፓዱን (ኳሱ የሚያርፍበትን ቦታ) አጽድተህ በእርሳስ ኳስ ሪቦል አድርገው (አዲስ ኳስ ትከልለት)፣ ግማሽ ግማሽ አይሰራም።

138ቱን በጣም ተጠንቀቀው። 42 ፐርሰንት ቲን 58 ፐርሰንት ቢስመዝ የሚባል ብረት ነው፣ እርሳስ ሲነካው በውስጡ 96 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ቅልቅል ይፈጠራል። 96!! ጌም እየተጫወቱበት የጋለ ፕሮሰሰር አጠገብ ይሄ ሩቅ አይደለም፣ ደግሞ ቢስመዝ ለብቻውም ተሰባሪ ስለሆነ ስልክ ሲወድቅ አይችልም። በ60/40 የተነካ ቦርድ ላይ 138 አታስገባ፣ የመበየጃውንም ጫፍ ለየው፣ ጫፍ ላይ የቀረችው ትንሽ እርሳስም ትበቃለች።

ቦርዱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ እድሜው ይረዳሃል። አውሮፓ ህብረት ከጁላይ 1 ቀን 2006 (በነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ በአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ እቃ ላይ እርሳስን ስለከለከለ ለዓለም ገበያ የሚያመርቱት ፋብሪካዎችም ወደ ሊድ ፍሪ ዞረዋል፣ ከዛ በፊት የተሰራ አሮጌ ቲቪ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ነው። በአይን ካየኸው ሊድ ፍሪው ደብዘዝ ሻከር ይላል፣ ያ የፋብሪካ መልኩ ነው፣ ብየዳው አልያዘም ብለህ ደህናውን ቦርድ ሁሉ እንዳትነካካ።

ስለ ጤና ባትጠይቀኝም ልንገርህ፣ የሚያስነጥስህ ጭስ የፍላክስ ነው፣ እሱንም ቢሆን አትማገው መስኮት ክፈት፣ እርሳሱ ግን በዛ ሙቀት አይተንም፣ የሚገባብህ በእጅህ አድርጎ በአፍህ ነው። ሶልደሩን በጥርስህ አትያዝ፣ ምሳ ሲደርስም እጅህን በሳሙና ሳትታጠብ እንጀራ እንዳትነካ።