ጆሮም ያነባል፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የንባብ ቡድናችን ጅማ ላይ ተሰብስቦ ነበር። ርዕሱ የታሪክ፣ የኢኮኖሚና የፍልስፍና መጻሕፍትን በድምፅ ማዳመጥ ነው። ጥያቄ ያለው በወረቀት ይጻፍ ተባለ። ወረቀቶቹ ከጠበቅነው በላይ በዙና ሰዓቱ አልበቃንም። እኔ ቀን ቀን የምሠራው ቡና መጋዘን ውስጥ፣ ሚዛን ላይ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከጆሮዬ መጽሐፍ ጠፍቶ አያውቅም። ስለዚህ የቀሩትን ጥያቄዎች እዚህ ልመልስ ብያለሁ።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ ጋሼ፣ መጽሐፍ ማዳመጥ እንደ ማንበብ ይቆጠራል? ጓደኞቼ "ይሄማ ማጭበርበር ነው" ይሉኛል።

ማጭበርበር አይደለም። እኛ አገር ትምህርት የገባው በጆሮ ነው። የቆሎ ተማሪ ማታ የቃል ትምህርቱን የሚቀበለው ከመምህሩ አፍ ነው፤ ፊቱ ብራና የለም። እዚሁ ጅማ አካባቢም ደረሳው ሼኹ ፊት ቁጭ ብሎ ኪታቡ ሲነበብና ሲተረጎም ይሰማል። እነዚህን ሰዎች "አላነበባችሁም" የሚላቸው የለም።

ግን አንድ ነገር ልብ በል። የቆሎ ተማሪው ሰምቶ ዝም አይልም። የሰማውን መልሶ ይለዋል። ከሳተ ይታረማል፣ ደግሞ ይለዋል። እኛ የተውነው ይህንን ነው። መጽሐፉን ሰምተን ጨርሰን ሌላ እንከፍታለን። በሳምንቱ "ስለ ምን ነበር?" ስንባል የምንመልሰው ይጠፋናል። እኔ ዛሬ በአንድም በሌላም መንገድ የምመልሰው ይህንኑ ነው። የሰማኸውን ለአንድ ሰው ካልነገርከው አልያዝከውም።

ጥናቱም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ጥናት ሰዎችን ከአንድ እውነተኛ ታሪክ መጽሐፍ ክፍል አስነበበ፣ አስደመጠ። በመረዳት ረገድ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሌላው ደግሞ ለተማሪዎች የትምህርት ጽሑፍ ሰጠ። ያዳመጡት ካነበቡት ያነሰ ውጤት አመጡ። ለእኔ ሁለቱ አይጣሉም። ተረክ ያለው ነገር በጆሮ ይገባል። ጥቅጥቅ ያለ ሐሳብ ግን ቆም ማለትን፣ ወደ ኋላ መመለስን ይፈልጋል። ዓይን ይህን በራሱ ያደርጋል። ጆሮ ግን ካላስቆሙት ይነጉዳል።

ጥያቄ (ከጅማው መርካቶ)፦ ሱቅ እየጠበቅኩ ነው የማዳምጠው። ደንበኛ ሲመጣ ይቋረጥብኛል። በየትኛው ዓይነት ልጀምር?

በታሪክ ጀምሪ። ታሪክ ክር አለው። ንጉሡ ሞተ፣ ልጁ ተተካ፣ ጎረቤቱ ዘመተ። ስኳር መዝነሽ ስትመለሽ ክሩን ታገኚዋለሽ። ማዳመጫው ላይ 30 ሰከንድ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ምልክት ልመጂው፤ ከሁሉም በላይ የምትነኪው እሱን ነው።

ታሪክ በጆሮ ሲሰማ የሚያስቸግረው ስም ነው። አምስት ስም በተከታታይ ከመጣ አራቱ ያመልጣል። እኔ ቁራጭ ካርቶን ላይ ስም እጽፋለሁ። ስም፣ ቀስት፣ ስም፤ ሌላ ነገር የለውም። ማን የማን ልጅ ነው፣ ማን ማንን ወጋ፤ ያ ይበቃል።

የሚቻል ከሆነ ደግሞ እግርሽ ሊደርስበት ከሚችል ታሪክ ጀምሪ። ኸርበርት ሉዊስ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ስለ ጅማ አባ ጅፋር መንግሥት የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ሲሆን ከ1830 እስከ 1932 ያለውን ዘመን ይሸፍናል። መሐመድ ሐሰን የጻፈው የኦሮሞ ታሪክ ደግሞ ከ1570 እስከ 1860 ሄዶ የጊቤን ነገሥታት በሰፊው ያነሳል። ሁለቱንም ከወንድሜ ጋር ተራ በተራ ጮክ ብለን እያነበብን ስልክ ላይ ቀዳናቸው፤ ለራሳችን ብቻ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስለ ዳግማዊ አባ ጅፋር የሚያወራውን ክፍል እየሰማሁ ጅሬን ወጣሁ። የቤተ መንግሥቱ የእንጨት ሰገነት ሥር ቆሜ "ከዚህ ሆኖ ገበያውን ያይ ነበር" ብዬ ቁልቁል ወደ ሂርማታ ስመለከት፣ ስንት ጊዜ ያለፍኩበት ከተማ ሌላ ሆነብኝ።

ጥያቄ (ከቆጪ፣ ተማሪ)፦ የአዳም ስሚዝን "የሀገራት ሀብት" ጀምሬ በሦስተኛው ቀን ተውኩት። ችግሩ ከእኔ ነው ወይስ ከመጽሐፉ?

ከአንተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1776 የወጣ የኢኮኖሚ መጽሐፍ ነው። በድምፅ ከ30 ሰዓት በላይ ይወስዳል። መሐሉ ላይ ስለ ብር ማዕድን ዋጋ ብቻ የሚያትት ረጅም ክፍል አለ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው። ዝለለው። መጀመሪያ የአንደኛውን ክፍል ሦስት ምዕራፎች ስማ። ከዚያ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ክፍል፣ ስለ ትምህርት ወደሚያወራው ሂድ።

ለምን እንደዚህ እንደምልህ ልንገርህ። በመጀመሪያው ምዕራፍ ስሚዝ ስለ ስፒል ፋብሪካ ያወራል። አንድ ሰው ብቻውን በቀን 20 ስፒል እንኳ አይሠራም። አሥር ሰዎች ሥራውን ተከፋፍለው፣ አንዱ ሽቦ እየሳበ፣ አንዱ እየቆረጠ፣ አንዱ ጫፉን እየሞረደ ግን በቀን 48,000 ይሠራሉ። መጋዘናችን ውስጥ ሴቶች ቡና ይለቅማሉ። ጥቁሩን፣ የነቀዘውን፣ የተሰበረውን ከጤነኛው ይለያሉ። ይህን ምዕራፍ እየሰማሁ ሳለ ከለቃሚዎቹ አንዷ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ፣ "ዛሬ ደግሞ ምን ይልሃል?" አለችኝ። የስፒሉን ነገር ነገርኳት። እጇ ከቡናው ላይ ሳይነሳ ሰማችኝ። "ዕድሜ ልኩን ጫፍ ብቻ የሚሞርደው ሰውዬስ?" አለች። "ጭንቅላቱ ምን ሆነ?"

መልስ አልነበረኝም። ከወራት በኋላ አምስተኛው ክፍል ላይ ስደርስ ስሚዝ ያንኑ ሲያነሳ ሰማሁ። ዕድሜውን ሁለት ሦስት ቀላል ሥራ ሲደጋግም የሚያሳልፍ ሰው አእምሮው ይደነዝዛል ይላል። ስለዚህ መንግሥት ለሠርቶ አደሩ ልጅ ትምህርት ሊያስብለት ይገባል ይላል። ማጫወቻውን አጥፍቼ ወደ ለቃሚዋ ሄድኩ። ነገርኳት። "አላልኩህም?" ብላ ቡናዋን ቀጠለች። ሁለቱን ክፍሎች እስከ ዛሬ የማልረሳቸው ለእሷ ስለነገርኳቸው ነው።

ቁጥር የሚበዛባቸው የኢኮኖሚ መጻሕፍት ሌላ ጉዳይ ናቸው። ሠንጠረዥ በጆሮ አይያዝም። አንዳንዶቹ ግራፎቹን በፒዲኤፍ ያያይዛሉ፤ አስቀድመህ አውርደው። ከሌለ ከምዕራፉ አንድ ቁጥር ብቻ ያዝ። ለምሳሌ ስለ ቡና ገበያ የሚያወራ መጽሐፍ ከሆነ "እ.ኤ.አ. 1989" ብለህ ጻፍ፤ ዓለም አቀፉ የቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት የፈረሰበትና ዋጋው የወረደበት ዓመት ነው። ከዚያ አባትህን ወይም አያትህን በዚያን ዘመን ቡና እንዴት ይሸጥ እንደነበር ጠይቃቸው።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ፍልስፍና ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኛል። ምን ላድርግ?

ለዓይን የተጻፈውን በጆሮ አትስማ። የካንት ትልቁ መጽሐፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1781 የወጣው፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ሳያልቅ መነሻው ይጠፋሃል። እሱን በወረቀት ያዘው። የፕላቶን ውይይቶች ግን ከመነሻቸው ንግግር ናቸው። "ክሪቶ"ን ሞክር፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሶቅራጥስ እስር ቤት ነው፣ ሞት ተፈርዶበታል። ጓደኛው ክሪቶ ገና ሳይነጋ መጥቶ "ገንዘቡ ተዘጋጅቷል፣ እናምልጥ" ይለዋል። ሶቅራጥስ እምቢ አለ። ለምን እንዳለ ስማውና አጥፋው። እራት ላይ ቤተሰቡን "እናንተ ብትሆኑ ታመልጡ ነበር?" ብለህ ጠይቅ። እኔ ቤት ይህ ጥያቄ እስከ ሦስተኛው ቡና ድረስ አከራክሮናል። በማግስቱ ደግመህ ስማው። ሁለተኛው ጊዜ ነው ትምህርቱ።

የሮማው ንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬሊዮስ ለራሱ የጻፈው ማስታወሻ ደግሞ 12 ክፍል አለው፤ አንቀጾቹ አጫጭር ናቸው። በአንድ ጊዜ ሁሉንም ከሰማኸው ይቀላቀልብሃል። ጠዋት አንድ አንቀጽ ብቻ ይበቃሃል።

ከእኛው "ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ" አለ። ሰውዬው ስለ ራሱ ሕይወት ስለሚናገር ሲሰሙት ደስ ይላል። በደራሲው ላይ ክርክር እንዳለ ግን አትርሳ። ኢጣሊያዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 "መጽሐፉን የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናዊ ነው" አለ። ክላውድ ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው ነው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩን ጭምር ማወቅ የፍልስፍና አካል ነው።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ እንግሊዝኛ ይከብደኛል። በአማርኛስ ምን አለ? ቴሌግራም ላይ የሚለቀቁትን መስማትስ ነውር አለው?

አማርኛ በድምፅ አዲስ አይደለም። ውጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ጥሩ አንባቢ ለመጽሐፍ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ችግሩ ከልቦለድ ውጭ ያለው ገና ጥቂት መሆኑ ነው።

ቴሌግራሙን በተመለከተ፣ ደራሲው ሳይፈቅድ ተነቦ የተለቀቀ መጽሐፍ የሰው ላብ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቀዋል። እኔ ደራሲው ራሱ ወይም አሳታሚው ያልለቀቀውን ትቻለሁ። መጀመሪያ እኔም እሰማ ነበር፤ ልክ አልነበረም።

ግን ይኸው አዋጅ በር ይከፍታል። የገብረ ሕይወት ባይከዳኝን "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" ውሰጂ። እሱ የሞተው በ1911 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። የጥበቃው ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ማንኛችንም አንብበን ልንቀዳው እንችላለን። ይዘቱ ደግሞ ለጅማ ሰው ቅርብ ነው። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብ በንግዱ እንደሚጎዳ፣ በየመንገዱ ያለው ኬላ ንግድን እንደሚያንቅ ይናገራል። ከመቶ ዓመት በፊት ነው ይህን ያለው። አማርኛው ቆየት ያለ ነውና ቀስ ብሎ የሚያነብ ድምፅ ይፈልጋል። ቡድናችን ውስጥ ድምፁ ጥሩ የሆነ ካለ እባካችሁ ይምጣ፤ ስልኩንም ጸጥ ያለውንም ክፍል እኔ አዘጋጃለሁ።

ጥያቄ (ከሂርማታ)፦ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። መንገድ ላይ ኔትወርክ ይጠፋል፤ ስልኬም ጠባብ ነው።

ከመነሳትህ በፊት አውርድ። ሊብሪቮክስ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ የመብት ጊዜያቸው ያለፈባቸውን መጻሕፍት በበጎ ፈቃደኞች እያስነበበ በነፃ ያቀርባል፤ አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው። በ64 ኪሎቢት ያለውን ምረጥ፤ አንድ ሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። የአሥር ሰዓት መጽሐፍ 300 ሜጋባይት አይሞላም። በ128 ካወረድክ እጥፍ ነው፤ ለንግግር ደግሞ ጥቅሙ እምብዛም ነው። 350 ኪሎ ሜትሩን መንገድ ሁሉ ግን አትስማ። እኔ እስከ ጊቤ እሰማለሁ፣ ከዚያ አጠፋና በመስኮት እያየሁ የሰማሁትን በልቤ እደግመዋለሁ።

ጥያቄ (ባጃጅ ነጂ)፦ ፍጥነቱን ጨምሬ፣ እየነዳሁ ብሰማስ?

እየነዳህ በፍጹም። ክላክስ ካልሰማህ ሰው ትገጫለህ። ተራ ስትጠብቅ ስማ። ፍጥነቱን 1.25 ብታደርገው የአሥር ሰዓቱ መጽሐፍ በስምንት ሰዓት ያልቃል፤ ለታሪክ ይሆናል። ለፍልስፍና ግን አይሆንም። ድምፁንም አታስጩኸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ 80 ዴሲቤል እንዳይሰማ ይመክራል።

ጥያቄ (ከጅሬን፣ በልጅ ልጃቸው የተጻፈ)፦ አያቴ ማንበብ አይችሉም። "ስለ አባ ጅፋር የሚያወራ መጽሐፍ አለ አሉ፣ እኔም ልስማው" ይላሉ። አማርኛም ኦሮምኛም ይሰማሉ።

እማማ፣ እመጣለሁ። ከወንድሜ ጋር የቀዳነው እንግሊዝኛ ስለሆነ ማጫወቻውን አላመጣም፤ ምዕራፍ በምዕራፍ እኔው በቃሌ እነግርዎታለሁ። አማርኛዬ ያልደረሰበትን የልጅ ልጅዎ በኦሮምኛ ያስረዳዎታል። እርስዎም ከአባቶችዎ የሰሙትን ይነግሩኛል። እሑድ ከዙሁር በኋላ ቤት ካሉ፣ ቡናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።