ፕሮቲኑ ነው ወይስ ሴሉ?

ጥያቄ፦ ሐረር የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በኢ ኮላይ ባክቴሪያ የተመረተ 10 ማይክሮግራም የአይጥ ሲሲኤል2 ኬሞካይን (ሴሎችን ወደ ራሱ የሚጠራ ፕሮቲን) በአውሮፕላን ድሬዳዋ ገባልን። በግንቦት ሙቀት ሁለት ቀን እዚያው ውሎ አድሮ ነው ወደ ሐረር ደንገጎን የወጣው። በ1 ሚሊሊትር ፒቢኤስ (የጨው ፈሳሽ) በጥብጬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬ ለሁለት ሳምንት ተጠቀምኩበት። በትራንስዌል (ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ከላይና ከታች በተከፈለ ጉድጓድ) ወደ ታች የሚወርዱት የአይጥ ጣፊያ ሴሎች ግን ኬሞካይን ከሌለበት ጉድጓድ አይበልጡም። ሙቀቱ አበላሽቶት ይሆን?

መልስ፦ ድሬዳዋን አይውቀሱ። በቅዝቃዜ የደረቀ ኬሞካይን ብልቃጡ እስካልተከፈተና እርጥበት እስካልነካው ድረስ ሁለት ቀን ሙቀት አይጥለውም።

እኛ በመጀመሪያ የምንጠረጥረው ሴሉን ነው። ሲሲኤል2 የሚጠራው ሲሲአር2 የተባለውን ተቀባይ የተሸከመ ሴል ነው፤ በዋናነት ሞኖሳይት የተባለውን ነጭ የደም ሴል። የጤነኛ አይጥ ጣፊያ ደግሞ አብዛኛው ቢ እና ቲ ሊምፎሳይት ነው፤ አብዛኞቹ ጥሪውን አይሰሙም። ጥቂቶቹ ሞኖሳይቶች ቢወርዱ እንኳ በጠቅላላ ቆጠራ ውስጥ ይጠፋሉ። ስለዚህ ወይ የአጥንት መቅኔ ሴል ይጠቀሙና የወረዱትን በሲዲ11ቢ እና በሊ6ሲ (ሞኖሳይትን ለመለየት የሚያገለግሉ የሴል ገጽ ፕሮቲኖች) ቀለም ለይተው ይቁጠሩ፣ ወይም ጣፊያውን ይዘው ኬሞካይኑን ይቀይሩ፤ ሲሲኤል19 እና ሲሲኤል21 በሲሲአር7 በኩል ቲ ሴሎችን ይስባሉ።

አበጣጠሩም ግን ችግር አለበት። በሚሊሊትር 10 ማይክሮግራም ብቻ የሆነ፣ ቢኤስኤ (ከከብት ደም የሚገኝ አልቡሚን) የሌለው ፕሮቲን በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ሁለት ሳምንት ሲቆይ ምን ያህል እንደቀረ አይታወቅም። አዲሱን ብልቃጥ ከመክፈትዎ በፊት ለአጭር ጊዜ በሴንትሪፊዩጅ ያሽከርክሩት፤ 10 ማይክሮግራም በዓይን ስለማይታይ ክዳኑ ላይ ቢቀር አያውቁትም። 0.1 በመቶ ቢኤስኤ ያለበት ንጹሕ ፒቢኤስ 100 ማይክሮሊትር ይጨምሩ፤ በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም ይሆናል። በቮርቴክስ ማሽን አያናውጡት፤ ግድግዳውን በፒፔት ቀስ ብለው አጥበው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ከዚያ በ10 ማይክሮሊትር ከፋፍለው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ያስቀምጡ፣ የቀለጠውን መልሰው አያቀዝቅዙ። መብራት ሲጠፋ የሚያዳግተውም ይህ ነው፤ ትንንሾቹን ቱቦዎች በበረዶ ጄል መካከል፣ ከበሩ ርቀው ይደርድሯቸው።

ለአንድ ጉድጓድ 600 ማይክሮሊትር በሚሊሊትር 100 ናኖግራም ከፈለጉ ከዋናው 0.6 ማይክሮሊትር መምጠጥ ያስፈልጋል፤ ፒፔት በዚህ መጠን አይታመንም። መጀመሪያ 10 ማይክሮሊትሩን በ990 ማይክሮሊትር መካከለኛ (ሴሎቹ የሚቆዩበት ፈሳሽ) ያቅጥኑ፤ ከዚያ ከዚህ 60 ማይክሮሊትሩን በ540 ማይክሮሊትር መካከለኛ ላይ ይጨምሩ።

መካከለኛው 0.5 በመቶ ቢኤስኤ ያለው አርፒኤምአይ (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ይሁን። ሴረም አይጨምሩ፤ ውስጡ ያለው ሲዲ26 የተባለ ኢንዛይም የአንዳንድ ኬሞካይኖችን ጫፍ ይቆርጣል። 5 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው ማስገቢያ (የትራንስዌሉ የላይኛው ክፍል) ላይ 100 ማይክሮሊትር ሴል አድርገው በ37 ዲግሪ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ያቆዩ። ማስገቢያውን ሲያወርዱ በሰያፍ ያስገቡት፤ ከሥሩ የአየር አረፋ ከቀረ ሴሉ መውረጃ ያጣል።

አንድ መጠን ብቻ መሞከር ትልቅ ስሕተት ነው። በሚሊሊትር 1፣ 10፣ 100 እና 300 ናኖግራም ጎን ለጎን ይሞክሩ፤ የኬሞካይን ውጤት ወጥቶ የሚወርድ ኮረብታ ስለሆነ ሲበዛ ጉዞው ይቀንሳል። የሰውን መጠን ከጽሑፍ አንስተው አይገልብጡ፦ የሰው ሲሲኤል2 76 አሚኖ አሲድ ሲሆን የአይጡ 125 ነው፤ ስለዚህ እኩል ናኖግራም እኩል ሞለኪውል አይደለም። ኬሞካይኑን ከላይም ከታችም ያደረጉበት ጉድጓድም ይኑርዎት፤ እዚያም እኩል ከወረዱ ሴሉ አቅጣጫ ሳይይዝ ዝም ብሎ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ። ለአይጥ ኒውትሮፊል (ሌላ ዓይነት ነጭ የደም ሴል) የአይጥ አይኤል-8 ኬሞካይን ፈልጌ አጣሁ፤ ማን ይሸጣል?

መልስ፦ ማንም። አይጥ የአይኤል-8 ጂን የለውም። ሲኤክስሲኤል1 ወይም ሲኤክስሲኤል2 ይዘዙ፤ አሮጌ መዝገቦች ኬሲ እና ሚፕ-2 ይሏቸዋል። ሁለቱም በሲኤክስሲአር2 በኩል ይሠራሉ። ለኒውትሮፊል 3 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ይምረጡ፤ አንድ ሰዓት ይበቃል።