ወንዙ ለዋና ይሆናል? ለዓሣስ?

ጥያቄ፦ አባቴ በልጅነቱ ቀበና ወንዝ ይዋኝ እንደነበር ይነግረናል። ዛሬም ክረምቱ አልፎ ውኃው ሲጠራ የሰፈራችን ልጆች እየገቡ ይጫወቱበታል። ለመሆኑ አንድ ወንዝ ለዋና ይሆናል ወይም አይሆንም የሚባለው ምኑ ተለክቶ ነው? ዓሣ ከተገኘበትስ ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጠያቂያችን ያነሷቸው ሁለት ጉዳዮች በሁለት የተለያዩ መመዘኛዎች የሚታዩ በመሆናቸው፣ አንዱን ያለፈ ወንዝ ሌላውን ሊወድቅ ይችላል። ለዋና ሲመረመር የሚፈለገው ውኃው በአፍ፣ በዓይን ወይም በቁስል ሲገባ የሚያመጣው በሽታ ሲሆን፣ ለዓሣ ሲመረመር ግን የሚታየው ፍጡሩ ሌትና ቀን እዚያው ውስጥ መኖር መቻሉ ነው።

በመጀመሪያ ዋናን እንመልከት። በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን አንድ በአንድ መፈለግ ብዙ ወጪ ስለሚጠይቅ፣ ላቦራቶሪዎች በሰውና በእንስሳት አንጀት ውስጥ የሚኖረውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ይቆጥራሉ። አብዛኛው የዚህ ባክቴሪያ ዝርያ ራሱ ጉዳት ባያደርስም፣ በብዛት መገኘቱ ዓይነ ምድር ከውኃው ጋር መቀላቀሉን ያስረዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመዘኛ መሠረት፣ በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኘው ኢ. ኮላይ በጂኦሜትሪክ አማካይ (ጥቂት በጣም ትልልቅ ቁጥሮች ብዙ እንዳያዛቡት ሆኖ በሚሰላ አማካይ) ከ126 መብለጥ የለበትም፤ ከ410 በላይ የሚያሳዩት ናሙናዎችም ከአሥር እጅ አንዱን ማለፍ አይችሉም። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን ይህ ቁጥር የተቀመጠው ከ1,000 ዋናተኞች ወደ 36 የሚሆኑት ሊታመሙ እንደሚችሉ ታስቦ መሆኑን ነው። ወንዙ መመዘኛውን አለፈ ቢባል እንኳ ማንም አይታመምም ማለት አይደለም።

መመዘኛው በአማካይ የተቀመጠው የባክቴሪያው ቁጥር ከቀን ወደ ቀን በመቶና በሺህ እጥፍ ስለሚለዋወጥ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ከደጅ፣ ከጉድጓድ ሽንት ቤትና ከከብት በረት ታጥቦ የሚወርደው ሁሉ ወንዙ ውስጥ ስለሚገባ፣ በጥቅምት ጠዋት የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ስለ ሐምሌ የሚነግረን ነገር የለም። ናሙናው በንጹሕ ጠርሙስ፣ ውኃው ከሚፈስበት እንጂ ከታቆረበት ሳይሆን ተቀድቶ፣ በበረዶ ሣጥን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ይገባዋል፤ ውጤቱም የሚታወቀው ባክቴሪያው አንድ ቀን ያህል በማሞቂያ ውስጥ ከቆየ በኋላ ስለሆነ፣ ዛሬ የምናነበው ቁጥር የትናንቱን ወንዝ የሚመለከት ነው። በአዲስ አበባ ወንዞች ውስጥ የሰው ዓይነ ምድር መኖሩ በጥናት በተደጋጋሚ የታየ ነገር በመሆኑ፣ እኔ በበኩሌ ውኃው የቱንም ያህል ቢጠራ ልጆች እንዲገቡበት አልመክርም። በነገራችን ላይ ይህ ምርመራ ቢልሃርዚያን አያሳይም፤ በጣና ዳርና በሌሎች ሞቃት አካባቢዎች የምትዋኙ አንባቢያን የባክቴሪያው ቁጥር ዝቅተኛ ቢሆንም በቀንድ አውጣ በኩል የሚመጣውን ይህን በሽታ ልታስቡበት ይገባል።

ወደ ዓሣው ስንመጣ ዋናው መለኪያ በውኃ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ነው። በአንድ ሊትር ከ5 ሚሊ ግራም ሲያንስ ብዙ ዓሦች ይቸገራሉ፤ ከ2 ሲያንስ አብዛኞቹ ይሞታሉ። አገራችንን በተለይ የሚመለከተው የከፍታው ነገር ነው፤ 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ጠለል አካባቢ ወደ 9 ሚሊ ግራም ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግን የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ ከ7 ብዙም አያልፍም፤ በመሆኑም ፍሳሽ ሲገባበት ወንዛችን የሚያጣው ትርፍ ገና ከመነሻው ያነሰ ነው። ልኬቱም ጎህ ሲቀድ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ቀን ቀን ኦክስጅን የሚያመነጨው አልጌ (በውኃ ውስጥ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር) ሌሊቱን ራሱ ስለሚጠቀምበት፣ የቀትር ልኬት ያታልላል። ከፍሳሽ የሚመጣው አሞኒያም ከፒኤች (ከውኃው የአሲድነት መጠን መለኪያ) ጋር አብሮ ካልተለካ ትርጉም የለውም፤ በ20 ዲግሪ ፒኤች 7 ላይ መርዛማ የሆነው ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ ፒኤች 9 ላይ ግን ከሩብ ይበልጣል።

ከመሣሪያው ይልቅ እኔ የማምነው ከድንጋይ ሥር የሚገኙትን ጥቃቅን ነፍሳት ነው። ሦስት ቀጫጭን ጭራ ያላቸውና በጎናቸው ባለው ስንጥብ የሚተነፍሱ እጮች በርካታ ሆነው ከተገኙ ውኃው ለሳምንታት ደህና ነበር ማለት ነው፤ ድንጋዩ ሲነሣ ቀያይ ትሎች ብቻ ከታዩ ግን ኦክስጅኑ አንሷል። ከእንጦጦ ግርጌ የተለቀመውን ከታች ከተለቀመው ጋር ማነጻጸር ከተማው በወንዙ ላይ ያደረሰውን በግልጽ ያሳያል።

ዓሣ መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አምባዛ ከውኃው በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ስለሚችል፣ ሌሎች ዓሦች በሚሞቱበት ውኃ ውስጥ ይኖራል። የፋብሪካና የቆዳ ማልፊያ ፍሳሽ በሚቀበለው በትንሹ አቃቂ ወንዝ ደግሞ እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶች በደለሉ ውስጥ ስለሚከማቹ፣ ውኃውን ብቻ መርምሮ ስለ ዓሣው ጤና መናገር አይቻልም።

ጥያቄ፦ በእጅ የሚያዘው የውኃ ጥራት መለኪያ ለትምህርት ቤታችን ክበብ ይበቃል? (ከአንድ መምህር)

መልስ፦ ለኦክስጅን፣ ለፒኤችና ለሙቀት ይበቃል፤ ለባክቴሪያ ግን ምንም አይጠቅምም። የኦክስጅኑ መለኪያ ከመሠማራቱ በፊት የአካባቢው ከፍታ ወይም የአየር ግፊት ሊሞላለት ይገባል፤ አለዚያ የሚያሳየው ቁጥር ስህተት ሊሆን ይችላል።