ድራማው የሚይዘን በምኑ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ሳለሁ ከእናቴ ጋር በቃና ቴሌቪዥን ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን እከታተል ነበር። ለሥራ ዱባይ ከመጣሁ ወዲህም አልተውኩም፤ አሁን የማያቸው በዐረብኛ ነው፤ ቋንቋውንም ግማሹን የለመድኩት ከእነርሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በአሁኑ ጊዜ ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት «ኡዛክ ሼሂር» የተባለውን ነው። አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ ግን «ሁሉም አንድ ናቸው፤ ሀብታም ቤት፣ ክፉ አማት፣ የሚያለቅስ ሙዚቃ» እያለች ታሾፍብኛለች። እናንተስ የምትወዱት ድራማ አለ? ካለስ የሚይዛችሁ በምኑ ነው?
(አንባቢያችሁ፣ ከዱባይ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጓደኛዎ ሽሙጥ መሠረት የለውም ለማለት ይከብዳል። ሀብታሙ ቤት፣ ክፉዋ አማትና የሚያለቅሰው ሙዚቃ በአብዛኞቹ የቱርክ ድራማዎች ውስጥ አሉ። ነገር ግን በሁሉም ውስጥ ካሉ፣ አንዱን ድራማ ከሌላው አስበልጠን የምንወድበት ምክንያት እነርሱ ሊሆኑ አይችሉም። እኔም እርስዎ የጠቀሱትን ድራማ ስለምከታተል መልሴን ከእርሱ ልጀምር።

ላላዩት አንባቢዎቻችን ታሪኩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። «ኡዛክ ሼሂር» ካናል ዲ በተባለው የቱርክ ጣቢያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ነው። በካናዳ የምትኖረው ሐኪም አልያ ባሏ ቦራን ይሞትባታል፤ እርሷም በትውልድ አገሩ ልቀበር ብሎ የተናዘዘውን ለመፈጸም አስከሬኑንና ትንሽ ልጃቸውን ይዛ በደቡብ ምሥራቅ ቱርክ ወደምትገኘው ማርዲን ትመጣለች። ከቀብሩ በኋላ ልጇን ይዛ ልትመለስ ስትል የሟቹ ቤተሰብ ልጁን አንሰጥም ይላታል። ከልጇ ሳትለይ ለመኖር የሚቀርላት መንገድ የሟቹን ወንድም ጂሃንን ማግባት ይሆናል።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ማብራራት አያስፈልግም። የዘመድን አስከሬን ከባሕር ማዶ አስመጥቶ በአገሩ አፈር ማሳረፍ፣ የሟችን ልጅ የዘመድ አዝማዱ ሁሉ ልጅ አድርጎ መቁጠር፣ በአንዳንድ አካባቢዎችም የወንድምን ሚስት መውረስ እኛም ዘንድ የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። በነገራችን ላይ ታሪኩ ከቱርክ የፈለቀ አይደለም፤ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ2017 መታየት ከጀመረው «አል ሀይባ» ከተባለው የሊባኖስ ድራማ ነውና፣ እርስዎ ባሉበት አካባቢ የመጀመሪያውን ያዩ ሰዎች ሁለቱን እያወዳደሩ ሲከራከሩ ሰምተው ይሆናል።

እኔን የሚይዘኝ የማን ወገን መሆን እንዳለብኝ በየሳምንቱ የሚያወላውለኝ መሆኑ ነው። ጎንጃ ጂላሱን የምትጫወታት ሳዳካት ጓደኛዎ «ክፉ አማት» የምትላት ዓይነት ናት፤ ታዛለች፣ ትቆጣለች፣ ይቅር ማለት አይሆንላትም። ሆኖም ርቆ ይኖር የነበረው ልጇ በሣጥን ሆኖ የመጣላት እናት መሆኗን ስናስብ፣ የልጅ ልጇን ሙጭጭ ብላ መያዟ ጭካኔ ብቻ መስሎ አይታየንም። አልያ በበኩሏ ልማዱን በማታውቀው ቤት ብቻዋን የቀረች እናት ናት። ሁለቱም ልጁን የሚሹት በእናትነት ነው፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ክፉውና ደጉ ከመጀመሪያው ቀን የተለየበትን ድራማ የምናየው ክፉው መቼ እንደሚቀጣ ለማወቅ ያህል ነው፤ ሁለት እውነት የተጋጠመበትን ግን ሳናየው ስናድር እንኳ ስንከራከርበት እናድራለን።

ከዚህ ቀጥሎ ይሉኝታው አለ። የማዕድ ትዕይንት ሲመጣ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ የቤቱ ታላቅ ሳይቀመጥ የሚቀመጥ የለም፤ ታናሹ የታላቁን እጅ ስሞ ወደ ግንባሩ ያስጠጋል፤ በመካከላቸው ግን ሊነገር ያልቻለ ምሥጢር አለ፤ ሁሉም ዳቦውን እየቆረሰ አንዱ የሌላውን ዓይን ይሸሻል። ጩኸት የሌለበት ይህ ትዕይንት ከተኩሱ ሁሉ ይበልጥ ልብ ይሰቅላል፤ ምክንያቱም እኛ ምሥጢሩን እናውቃለን፤ በማዕዱ ራስ ላይ የተቀመጡት ሰው ግን አያውቁም።

ሁለተኛው ምርጫዬ እ.ኤ.አ. በ2022 በሾው ቲቪ መታየት የጀመረው «ኪዚልጂክ ሼርቤቲ» ነው። የተማረችና በዘመናዊነቷ የምትኮራ እናት፣ ኪቪልጂም፣ ልጇ ሃይማኖተኛና ባለጸጋ ከሆነ ቤተሰብ ልጅ ጸንሳ ስታገባባት ሰማይ ይደፋባታል፤ የናቀችው ቤተሰብ ግን ቀስ በቀስ ወደ ራሷ ሕይወት ይገባና የአማችዋን አጎት እስከ መውደድ ትደርሳለች። ደራሲዋ ለየትኛውም ወገን አታደላም፤ ዘመናዊዋ በትዕቢቷ፣ ሃይማኖተኞቹም በሴት ልጆቻቸው ላይ በሚጭኑት ቀንበር ይጋለጣሉ። አንዲት ሙሽራ በሠርጓ ሌሊት በባሏ ከመስኮት የተወረወረችበት ትዕይንት ከታየ በኋላ፣ የአገሪቱ የራዲዮና የቴሌቪዥን ከፍተኛ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 ድራማው ለ5 ሳምንት እንዳይተላለፍ ቅጣት ጥሎበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ታሪኩ ላልቶብኛል፤ የሚጋባውና የሚፋታው በዛ። የመጀመሪያውን ዓመት ግን ለጓደኛዎ ያሳዩአት።

ጥያቄ፦ በአማርኛ የሚቀርቡት የቱርክ ድራማዎች አንዳንድ ጊዜ ምንም ሳይፈጠር፣ ሰው ወሬ ሲጀምር ድንገት «ይቀጥላል» ይባላል። ደግሞም ተዋንያኑ ሳይናገሩ ለረጅም ጊዜ ይተያያሉ። ይህ ለምን ይሆናል?
(ከሐዋሳ)

መልስ፦ የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው። በቱርክ አንድ ድራማ የሚተላለፈው በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን፣ የአንዱ ክፍል ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ2 ሰዓት ይበልጣል፤ አንድ ሙሉ ፊልም ማለት ነው። ምሽቱን በተለያዩ ዝግጅቶች ከመሙላት ይልቅ በአንድ ረጅም ድራማና በውስጡ በሚገቡ ማስታወቂያዎች መሙላት ለጣቢያዎቹ አዋጭ ሆኖ ስላገኙት ርዝመቱ ከዓመት ዓመት ጨምሯል። የዘርፉ ሠራተኞች በዚህ ምክንያት የሚደርስባቸውን የሥራ ጫና በመቃወም እ.ኤ.አ. በ2010 አደባባይ ወጥተው ነበር። በስድስትና በሰባት ቀን ውስጥ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ሥራ ቀርጾ ማድረስ ግድ ሲሆን፣ ጽሑፉ ያልሞላውን ጊዜ ዓይንና ሙዚቃ ይሞሉታል።

ድራማው ለውጭ አገር ሲሸጥ ደግሞ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ እየተቆራረጠ ስለሚዘጋጅ ከአንዱ ክፍል ሁለትና ሦስት ይወጣል። ቃና «ጥቁር ፍቅር» ብሎ ያቀረበው፣ የፖሊሱ ኦሜርና የኤሊፍ ታሪክ፣ በአገሩ 54 ክፍሎች ብቻ ነበሩት፤ እኛ ያየነው ግን ከዚያ በእጅጉ የበዛ ነው። ደራሲው ልብ የሚሰቅለውን ነገር ያስቀመጠው በዋናው ክፍል መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ በመሐል የተቆረጠው ክፍል እርስዎ እንዳሉት ሰው ወሬ ሲጀምር ሊያልቅ ይችላል። የሚያበሳጭ መሆኑ አይካድም፤ ጥፋቱ ግን የተርጓሚዎቹ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ የውጭውን ስታወድሱ እናያለን። ከአማርኛ ድራማ የሚያስመርጥ የለም ማለት ነው?
(ከባሕር ዳር)

መልስ፦ አለ። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአገራችን የኪነ ጥበብ ባለሙያዎች የትርጉም ድራማ ሥራችንን ይነጥቀናል ብለው ያሰሙት ተቃውሞ ተገቢ ሥጋት ነበረው። ተመልካቹ ግን የራሱን ድራማ ንቆ እንዳልሄደ «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲታይ በነበረበት ዘመን ረቡዕ ማታ ምን ይመስል እንደነበር የሚያስታውስ ሁሉ ይመሰክራል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ በክፋቱ የሚጠላ፣ በአነጋገሩና በግርማው ግን የሚወደድ ሰው ነበር፤ ተመልካቹ እንዲያዝ እየተመኘ፣ ከተያዘ ድራማው እንዳያልቅበት ይሠጋ ነበር። ከቅርቦቹ ደግሞ በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበውን «እረኛዬ»ን እመርጣለሁ። የገጠሩ አነጋገር ለማሳቅ ተብሎ አልተጣመመበትም፤ በምዕራፍ ተከፋፍሎ መቅረቡም ታሪኩ እንዳይንዛዛ ረድቶታል። ካላዩት ከመሐል አይግቡበት፤ ከመጀመሪያው ክፍል ይጀምሩት።