መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት

በደብረ ብርሃን፣ በሸዋ ሮቢትና በመሐል ሜዳ ጋራዦች እጃችሁን ለምታፍታቱ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ዕድሜዬን የጨረስኩት የጭነት መኪና ሥር ተኝቼ ነው። ከኤንትሬ እስከ አይሱዙ ክሮቼራ ያላወረድኩለት የለም። ክሮቼራ ማለት ሁለት ዘንጎችን በሹካና በመስቀል አያይዞ ታጥፈው እንዲዞሩ የሚያደርግ መጋጠሚያ ነው፤ የመስቀሉ አራት ጫፎች ቆብ ውስጥ ይቀመጣሉ። በቅርቡ ደግሞ አንድ ከውጭ የተመለሰ ሰው የአባቱን ትራያምፍ ቲአር 6 ይዞ መጣ። ከ1968 እስከ 1976 በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንግሊዝ ያመረታት፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ሞተር ያላት፣ ሁለት ሰው የምትይዝ የስፖርት መኪና ናት። የጋራዡ ልጆች ከበዋት ፎቶ ሲነሱ ዋሉ። ካርቶን አንጥፎ ሥሯ የገባ ግን አልነበረም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ባለቤቱ፣ «ጋሼ፣ ጣርማ በር ዋሻውን አልፌ ቁልቁል ስጀምር ኳ ትላለች» አለኝ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ግማሹን ሥራ ሠርቶላችኋል። ዳገቱን ስትወጡ ሞተሩ ጎማውን ይጎትታል። ዋሻውን አልፋችሁ ነዳጁን ስትለቁ ደግሞ ጎማው ሞተሩን መግፋት ይጀምራል፤ ጭነቱ ከክሮቼራው አንድ ጎን ወደ ሌላው ይዞራል። ክሮቼራው ከተበላ በመሃል ክፍተት አለ፤ ያንን ክፍተት ሲሻገር ነው ኳ የሚለው። ስለዚህ ደንበኛን «ምን ይላል?» ብቻ አትበሉት፤ «የት ቦታ፣ ምን ስታደርግ?» በሉት።

ኳ ያለ ሁሉ ግን ክሮቼራ አይደለም። የዚህች መኪና ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው) ሻንሲው ላይ የተሰቀለባቸው ማያዣዎች ሲያረጁ ይሰነጠቃሉ፤ ድምፃቸው ልክ አንድ ነው። ዕቃ ከማስገዛታችሁ በፊት ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንሱና ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ አሳርፏት፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥር የሚገባ ልጅ ጋራዤ ውስጥ ቦታ የለውም። ማርሹን ነፃ አድርጉ። ከዚያ ክሮቼራውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ በተቃራኒ አቅጣጫ ጠምዝዙት። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለው የጥርስ ልቅነት እንዳያታልላችሁ፣ ዓይናችሁን ከመስቀሉና ከቆቡ መጋጠሚያ ላይ አታንሱ። እዚያ ትንሽም ብትሆን እንቅስቃሴ ካለ አልቆለታል። በቆቡ ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ካያችሁም ግራሶው (ግሪሱ) ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው።

ቲአር 6 ስድስት ክሮቼራ አላት፤ ሁለት በትራስሚሲዮኑ (ከማርሽ ሳጥኑ ወደ ዲፈረንሻሉ በሚሄደው ዘንግ)፣ ሁለት ሁለት ደግሞ በየሴሚያሱ (ከዲፈረንሻሉ ወደ ጎማ በሚሄደው ዘንግ)። ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም ምልክት አድርጉ። ብዙዎቻችሁ ይህን እንደ ሽማግሌ ጥንቃቄ ትቆጥሩታላችሁ፤ ምክንያቱን ስሙኝ። ክሮቼራ ሲታጠፍ እኩል አያዞርም። በ30 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ አስገቢው ዘንግ እኩል እየዞረ፣ ወጪው በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ 15 በመቶ ገደማ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ 13 በመቶ ገደማ ይዘገያል። እርግጥ መኪና ላይ እጥፋቱ ከዚህ በጣም ያንሳል፤ በፍጥነት ስትሄዱ ግን ያችው ትንሿ ትሰማለች። አንድ ዘንግ በሁለት ጫፉ ክሮቼራ የሚኖረው፣ የፊተኛው ያዛባውን የኋለኛው እንዲያርመው ነው። የሚያርመው ደግሞ ሹካዎቹ ትይዩ ሆነው ሲገጠሙ ብቻ ነው። ተንሸራታቹን ዘንግ ነቅላችሁ ጥርሱን አዛንፋችሁ ከመለሳችሁት፣ አዲስ ክሮቼራ ገዝታችሁ አዲስ ንዝረት ትሸጣላችሁ።

ሴሚያሱን ለማውጣት ታምቡሩን (የፍሬኑን ከበሮ) አውልቁ፤ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት) ጎማውን ከሚይዘው ክንድ ጋር የተያያዘባቸውን ስድስት ዳዶዎች፣ በዲፈረንሻሉ በኩል ደግሞ አራቱን ቡሎኖች ፍቱ። ሴሚያሱ ከነሞዞው ተያይዞ ይወጣል። ሞዞውን ከዘንጉ ለመለየት እጃችሁን እንዳይበላችሁ። ሾጣጣ ዘንግ ላይ በኃይል የተቀመጠ ነው፤ ከባድ ልዩ መንቀያ ይፈልጋል፣ በመዶሻ ደግሞ ይጣመማል። የውጪውን ክሮቼራ ሞዞው ባለበት መቀየር ይቻላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቆቦቹን የሚይዙትን የማቆሚያ ቀለበቶች ጉድጓድ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ፤ የዛገውን ዘይት አጠጥታችሁ አሳድሩት። ቀለበቶቹን ካወጣችሁ በኋላ ሞርሳ (መጭመቂያ) ላይ በአንድ ወገን ከቆቡ የምታንስ ቡሶላ (የዳዶ መፍቻ ራስ)፣ በሌላው ወገን ቆቡ የሚገባባት ሰፊ ቡሶላ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አጥብቁ። አሮጌው በዚህ ይወጣል። አዲሱን ስታስገቡ ቆቡን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ፤ ከክብሪት እንጨት የማይወፍሩ መርፌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተሰልፈዋል። ያቆማቸው ግራሶው ብቻ ነው። (የደብረ ብርሃን ብርድ ለአንድ ነገር ይጠቅማል፤ ግራሶው ጠንከር ስለሚል መርፌ ቶሎ አይወድቅም።) መስቀሉን አንዱ ቆብ ውስጥ አስገቡ፤ ተቃራኒው ቆብ ሲመጣ መስቀሉን ወደ እሱ ገፋ አድርጋችሁ ተቀበሉት። የመስቀሉ ጫፍ ሁለቱም ቆቦች ውስጥ ካለ መርፌው መውደቂያ አያገኝም።

ቆቡ ገብቶ ገብቶ ለቀለበቱ አንድ ሚሊሜትር ሲቀረው እምቢ የሚልበት ጊዜ አለ። አንድ መርፌ ወድቆ ከመስቀሉ ጫፍ ሥር ተጋድሟል ማለት ነው። ከኋላችሁ ባለቤቱ ሰዓቱን ያያል፣ አለቃችሁ ሌላ መኪና አስገብቷል፣ መዶሻው ደግሞ እጃችሁ ሥር ነው። ብትመቱት ምናልባት ይገባል። ቀለበቱም ይያዛል፣ መኪናዋም ትወጣለች። የተሰበረው መርፌ ግን መስቀሉን እየፋቀ ቆይቶ፣ ሹካው አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ይለቃል። የቲአር 6 ሴሚያስ ሲለቅ ምን እየመታ እንደሚሽከረከር ሥሯ ገብታችሁ ተመልከቱ። ስለዚህ አውጡት፤ መርፌውን አንሱ፣ አጥባችሁ ግራሶ ቀብታችሁ መልሱት። ይህ ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ቢፈጅም ይፍጅ።

ከገባ በኋላ በእጃችሁ በሁለቱም አቅጣጫ እጠፉት። የሚይዝበት ቦታ ካለ የሹካውን ጆሮ በመዳብ መዶሻ ነካ ነካ ብታደርጉት ቆቡ ወደ ቀለበቱ ይመለሳል፣ ይላላል። መዶሻ ለዚህ ነው።

ግራሶ የሚሞላው ይሻላል ወይስ የታሸገው የምትሉ ትኖራላችሁ። የታሸገው መስቀሉ ቀዳዳ ስለሌለው ይጠነክራል። እኔ ግን ለመንዝ አቧራ ግራሶ የሚሞላውን እመርጣለሁ፤ በአራቱም ጫፍ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ስትሞሉ አቧራውንም ይዞ ይወጣል። ባለቤቱ የማያስሞላ ሰነፍ ከሆነ ደግሞ የታሸገውን ግጠሙለት።

ራሳቸውን የሚያጠብቁትን ዳዶዎች አሮጌ አትመልሱ። መኪናዋን ስታስረክቡ ባለቤቱን ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርዶ እንዲመለስ ንገሩት፤ ሲመለስ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ እንደገና ፈትሹለት፤ ለዚህ ገንዘብ አትቀበሉት።