ቆርቆሮው ለምን ይፋጃል? እና ሌሎች የሕንፃ ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው ስለ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ የሕንፃ ሆነ። አርክቴክት እንዳልሆንኩ ይታወቅልኝ። ድሮ ለኮንትራክተሮች ፕላን እስል ነበር፤ አሁን ጣና ዳር ቡናዬን እየጠጣሁ የሰው ሕንፃ እተቻለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ከዓለም አርክቴክቶች አንድ ብቻ ይጥሩ ቢባሉ ማንን ይጠራሉ? (ተማሪ፣ ከፔዳ ግቢ)

ፍራንሲስ ኬሬን። ለማሰብ ጊዜ አልፈልግም።

ኬሬ በ1965 ጋንዶ በምትባል የቡርኪና ፋሶ መንደር ተወለደ። መንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበራት ገና በሰባት ዓመቱ ለትምህርት ሲል ከቤት ወጣ። የተማረበት ክፍል ጨለማና የሚያፍን ነበር። ሲያድግ የአናጢነት ሙያ ሊማር ጀርመን ሄደ፤ እዚያው በርሊን አርክቴክቸር አጠና። ተማሪ ሳለ ገንዘብ አሰባስቦ ለጋንዶ ትምህርት ቤት ማሠራት ጀመረ። በ2001 አለቀ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ የእኛም ነውና። ሚያዝያ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጠሽ ታውቂያለሽ አይደል? ቆርቆሮው ፀሐዩን ሲጠጣ ይውልና ሙቀቱን መልሶ አናትሽ ላይ ይለቀዋል። ኮርኒስ ቢኖርም ከበላዩ የታመቀው አየር መውጫ የለውም። ኬሬ ምን አደረገ? ግድግዳውን አፈር ላይ ጥቂት ሲሚንቶ ጨምሮ በተጨመቀ ጡብ ገነባው። ኮርኒሱንም ከዚያው ጡብ ሠርቶ ቀዳዳ ተወለት። ቆርቆሮውን ግን ኮርኒሱ ላይ አላስተኛውም፤ በቀጫጭን ብረት ከፍ አድርጎ አየር ላይ ሰቀለው። በክፍሉ ውስጥ የሞቀው አየር በቀዳዳው ይወጣል፤ በመሀል የሚያልፈው ነፋስ ይዞት ይሄዳል። ቆርቆሮው ከግድግዳው በደንብ ወጣ ስላለ ዝናቡም አፈሩን አያገኘውም። በቃ፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

የመንደሩ ሰው መጀመሪያ አላመነውም። ጭቃ በክረምት ምን እንደሚሆን ያውቃላ! በኋላ ግን ድንጋይ ተሸክመው፣ ሴቶቹም ወለሉን በኅብረት እየወቀጡ አብረው ሠሩት። ለዚያው ግቢ ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ደግሞ የሸክላ እንስራ አፍና ቂጡን ቆርጦ ጣሪያው ውስጥ ቀበረ፤ ብርሃንና አየር በዚያ ይገባል። እናቴ ብትኖር «እንስራዬን እንዳትነኩ» ነበር የምትል። በ2022 የሙያውን ትልቁን ሽልማት ፕሪትዝከርን ወሰደ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ነው።

ዋናው መንገድ ላይ ጂ ፕላስ አራት እየሠራሁ ነው። ፊቱን ሙሉ በሙሉ መስታወት ላልብሰው? ጎረቤቴ እንደዚያ አድርጎ በጣም አምሮበታል። (ነጋዴ፣ ከግሽ ዓባይ)

አምሮበታል፣ አልክድም። ግን አሥር ሰዓት ላይ ውስጡ ገብተው ተቀምጠው ያውቃሉ?

ለንደን ውስጥ ራፋኤል ቪኞሊ የነደፈው አንድ ረጅም ሕንፃ አለ፤ ሰዉ በቅርፁ «ዎኪ ቶኪ» ይለዋል። የመስታወት ፊቱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። በ2013፣ ግንባታው ሳያልቅ፣ ፀሐዩን እንደ ዲሽ ሰብስቦ መንገድ ላይ የቆመ የጃጓር መኪና ክፍሎችን አቀለጠ። አንድ ጋዜጠኛም መጥበሻ ይዞ ሄዶ እንቁላል ጠበሰበት። በኋላ የፀሐይ መከለያ ተገጠመለት። ልብ ይበሉ፣ ይህን የሠራው የለንደን ፀሐይ ነው! የእኛ ቢሆን ስንት ባጃጅ ነበር የምናጣው?

ይልቅ ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ያለውን ኢስትጌት ይመልከቱ። የሱቅና የቢሮ ሕንፃ ነው፤ ሚክ ፒርስ ነደፈው፣ በ1996 ተከፈተ። ሐሳቡን ያገኘው ከኩይሳ ነው። አዎ፣ ገጠር መንገድ ዳር ከሚያዩት ከምስጡ ኩይሳ። ሐራሬም እንደ ባሕር ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ቀዝቀዝ ይላል። ሕንፃው ሌሊት ቀዝቃዛውን አየር በማራገቢያ እየሳበ አርማታውን ያበርዳል፤ ቀን ላይ ያ ቅዝቃዜ ለሠራተኛው ይደርሳል። መስኮቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ፊቱ ሁሉ ጥላ አለው። እንደ ሌላው ሕንፃ ኤሲ አልተዘረጋለትም።

መስታወቱን ከወደዱት በሰሜኑ በኩል ያድርጉት። ምዕራቡን ግን አደራ፣ በረንዳ ያውጡለት። አለበለዚያ ተከራይዎ በወሩ መጋረጃ ሰቅሎ መስታወትዎን ይሸፍነዋል። ያኔ ብርዎ የት ገባ?

ቡርጅ ከሊፋ ስንት ሜትር ነው? ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል። (ከሹም አቦ)

828። በ2010 ተመረቀ፤ የነደፈው አድሪያን ስሚዝ ነው። ለጓደኛህ ይህንንም ጨምርለት፦ ከአናቱ 244 ሜትሩ ሰው የማይገባበት ሹል ነው። አዲስ አበባ ያለው የንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት በሙሉ 209 ሜትር ነው። ሹሉ ብቻ ይበልጠዋል። ውርርዱ ማኪያቶ ከሆነ እኔም አለሁበት።

ልጄ አርክቴክት እሆናለሁ ትላለች። አባቷ የሴት ሥራ አይደለም ይላል። እርስዎስ? (እናት፣ ከፋሲሎ)

እህቴ፣ ለባለቤትዎ ዛሃ ሐዲድ የሚለውን ስም ይንገሩልኝ። በ1950 ባግዳድ ተወለደች። መጀመሪያ ቤይሩት ሒሳብ ተማረች፣ ከዚያ ለንደን አርክቴክቸር። ለብዙ ዓመት «ሥዕሏ ያምራል፣ ግን አይሠራም» ሲሏት ኖረው በ1993 ጀርመን ውስጥ ለአንድ የወንበር ፋብሪካ የእሳት አደጋ ጣቢያ ሠራች። በ2004 ፕሪትዝከርን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። አዘርባጃን፣ ባኩ ላይ ያለው የሄይዳር አሊየቭ ማዕከሏ ግድግዳው የት አልቆ ጣሪያው የት እንደሚጀምር አይታወቅም፤ ነጭ ነጠላ በነፋስ ሲነሳ ይመስላል። እኔ በበኩሌ ማን ያጥበዋል ብዬ እጨነቃለሁ። ልጅቷ ግን ትማር። ሒሳቧን ብቻ አጠንክሯት።

እንደ ሲድኒው ኦፔራ ያለ ሕንፃ ጣና ዳር ብንሠራ ምን ይመስልዎታል? (ከበላይ ዘለቀ)

ሐሳቡ ደስ ይላል፤ ኪስህን ግን ዳሰስ አድርግ። ዴንማርካዊው የርን ኡትሶን በ1957 ውድድሩን ሲያሸንፍ ዛጎል የሚመስለው ጣሪያ እንዴት እንደሚቆም ገና አልታወቀም ነበር። በኋላ ሁሉንም ከአንድ ሉል ላይ መቁረጥ እንደሚቻል ደረሰበት። የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ቆራርጠህ ስታቆም አስበው። በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው 102 ሚሊዮን ፈጀ። ኡትሶን ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ በ1966 ጥሎ ሄደ። ሕንፃው በ1973 ተመረቀ። እሱ ግን በ2008 እስኪሞት ተመልሶ አላየውም። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ለጣና ከሆነ የምመርጠው ሌላ ነው፤ ዳካ ያለው የባንግላዴሽ ፓርላማ። ሉዊስ ካን ነደፈው። ዙሪያውን ውኃ ነው፤ ሰው ቆፍሮ ያበጀው ሐይቅ። ከመሀል የጉባኤው አዳራሽ፣ ቀጥሎ ብርሃን ከላይ የሚወርድበት መተላለፊያ፣ ከዚያ ውጪውን የከበቡት ቢሮዎች። ይህን ፕላን መጀመሪያ ሳየው ዘጌ ትዝ አለኝ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አስታውስ፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ክብ ውስጥ ክብ፤ ወደ ውስጥ በገባህ ቁጥር ድምፅህ በራሱ ይቀንሳል። ካን ዘጌን አይቷል ማለቴ አይደለም። ግን አንድ ቀን እዚህ ትልቅ አዳራሽ የሚሠራ ሰው ቢመጣ፣ ሲድኒ ከመብረሩ በፊት በጀልባ ዘጌ ደርሶ ቢመለስ ደስ ይለኛል። ካንም ቢሆን የዳካውን አላየውም። በ1974 ሞተ፤ ሕንፃው በ1982 አለቀ።

ቤቴን እንደ ፊልም ቤት ጣሪያው ጠፍጣፋ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ፎርማኑ እምቢ አለኝ። (ከሰፈነ ሰላም)

ፎርማንህን ምሳ ጋብዘው።

«ለ ኮርቡዚዬ» የሚባለው አርክቴክት በ1931 ፓሪስ አጠገብ የጨረሰው ቪላ ሳቮዬ የሚባል ቤት በየአርክቴክቸር መጽሐፉ አለ። ነጭ፣ በቀጫጭን ምሰሶ የቆመ፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ። የቤቱ እመቤት ግን ለአርክቴክቱ ደብዳቤ ስትጽፍ ኖራለች፤ ሳሎን ይዘንባል፣ መታጠቢያ ቤት ይዘንባል እያለች። ያ የፓሪስ ዝናብ ነው፤ የሐምሌን የባሕር ዳር ዝናብ አታውቀውም።

ከእሷ የባስኩት እኔ ነኝ። አዋቂ ነኝ ብዬ የኋላ ክፍሌን ጣሪያ በሶሌታ (በጠፍጣፋ አርማታ) ዘጋሁት፤ ተዳፋቱን አሳነስኩት፣ ለውኃ መውረጃም አንድ ቱቦ ብቻ አደረግሁ። የማንጎው ቅጠል ደፈነው። የግድ ከሆነ ተዳፋት ስጠው፣ ሁለት መውረጃ አድርግለት፣ ሰኔ ሳይገባ ወጥተህ ጥረገው። እኔ አሁን ቆርቆሮ ላለብሰው ነው፤ እስከዚያው አልጋው ግድግዳ ጥግ፣ ባልዲው መሀል ወለል ላይ ነው።